ሜታዶን በቻይና፦ መንግሥት ፈቀደ፣ ጎረቤት ግን አልፈቀደም

ኩንሚንግ_ነኝ (ክሩን የከፈተው)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ይህ ክፍል ሰሞኑን ስለ ቫይታሚንና ስለ ክብደት መቀነስ ብቻ ሆኗል። ትንሽ ከበድ ያለ ነገር ላምጣ፦ ሜታዶን። የሄሮይን ሱሰኛ በሄሮይን ፈንታ ክሊኒክ ውስጥ የሚጠጣው የኦፒየም ዘመድ መድኃኒት ነው።

የምማረው ኩንሚንግ ነው፣ የሕዝብ ጤና። ኩንሚንግ የዩናን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። ዩናን ከምያንማር፣ ከላኦስና ከቬትናም ጋር ይዋሰናል። ሄሮይን ወደ ቻይና በብዛት የገባው በዚህ በኩል ነው። ኤችአይቪም ተከትሎት ገባ። በ1989 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ምያንማር ድንበር ላይ ባለችው ሩይሊ አካባቢ፣ መርፌ ሲጋሩ ከነበሩ ሰዎች መካከል 146ቱ ቫይረሱ እንዳለባቸው ታወቀ። በቻይና የመጀመሪያው የኤችአይቪ ወረርሽኝ የሚባለው ይህ ነው።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት መልሱ አንድ ዓይነት ነበር። ሰውየው ይያዛል፣ ማቆያ ይገባል፣ ይወጣል፣ ተመልሶ ይወጋል፣ እንደገና ይያዛል። ነገሩ መለወጥ የጀመረው ከ2003 ወዲህ ነው። ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል ወረርሽኝ መንግሥቱን ክፉኛ አስደንግጦት ነበር። በሽታን መደበቅ ምን እንደሚያስከትል ዓለም ሁሉ አየ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ዌን ጂያባዎ ቤጂንግ ውስጥ ሆስፒታል ሄደው የኤድስ ሕሙማንን በካሜራ ፊት ጨበጡ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ2004፣ በዩናን፣ በሲችዋን፣ በጉይጆው፣ በጓንግሺና በጀጂያንግ 8 የሜታዶን ክሊኒኮች ሥራ ጀመሩ። ከሐሳቡ ጀርባ ከነበሩት አንዱ በ2023 ያረፉት ዉ ዙንዮው ናቸው። በኮቪድ ጊዜ መግለጫ ሲሰጡ ያያችኋቸው ሰውዬ።

በ2013 መጨረሻ ክሊኒኮቹ ከ750 በላይ ሆነዋል። ከ400 ሺህ የሚበልጥ ሰው አልፎባቸዋል። በመጀመሪያዎቹ 8 ክሊኒኮች ላይ በተደረገው ግምገማ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ መርፌ የሚወጉት ከ69 በመቶ ወደ 9 በመቶ ገደማ ወረዱ። ሥራ ያላቸው ከ23 ወደ 41 በመቶ ወጡ። እንዲህ ዓይነት ውጤት በጤና ሥራ ውስጥ በቀላሉ አይገኝም።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን አልተቀበለውም? ታክሲ ነጂውን ጠይቁት፣ የቤት አከራይዋን ጠይቁ፣ ነገ ሐኪም የሚሆኑትን የክፍል ጓደኞቼን ጠይቁ። የሚመልሱላችሁ አንድ ነው፦ ትልቁን መርዝ በትንሹ መርዝ መለወጥ።

የኔን ግምት ላስቀምጥ። መንግሥት ሜታዶንን ያስተዋወቀው ኤችአይቪን ማገጃ አድርጎ ነው። ቫይረሱ ከሱሰኛው ወደ ሚስቱ፣ ከሚስቱ ወደ ልጁ፣ ከዚያ ወደ ቀረው ሕዝብ እንዳይሄድ። ማለትም ለእኛ ለጤነኞቹ ሲባል። ሰውየው ራሱ ታማሚ ነው፣ ሕክምናው ለእሱም ይገባዋል የሚለው ሐሳብ ግን ከመመሪያ ወረቀት አልወጣም። ሕዝቡም የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

እስቲ ተከራከሩኝ።

---

የጉለሌው

እሺ፣ ሕዝቡ ምኑ ላይ ነው የተሳሳተው? ሄሮይን ትቶ በየቀኑ ሌላ የኦፒየም ዘመድ የሚጠጣ ሰው አቆመ ይባላል? እንደኔ ሱሱን አላቆመም። አቅራቢውን ነው የቀየረው። በፊት የሰፈር ነጋዴ ያቀርብለት ነበር፣ አሁን መንግሥት።

---

ሲስተር_ሜሪላንድ

የጉለሌው ወንድሜ፣ ይህን ጥያቄ እዚህ ሜሪላንድም በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። የሚጠይቁኝ ደግሞ ፈረንጆች ብቻ አይደሉም። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የኛዎቹም ይጠይቁኛል። የምሠራው ሜታዶን የሚሰጥ ክሊኒክ ውስጥ ነው።

ሄሮይን አንጎል ውስጥ ሲገባ በሰከንዶች ያናውጣል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይለቃል። ሲለቅ ሰውየው ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል፣ አጥንቱ ይቆረጠማል። ስለዚህ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ይፈልገዋል። ቀኑ በሙሉ ገንዘብ ፍለጋ፣ ዕፅ ፍለጋ፣ ከፖሊስ መደበቅ ነው። ሜታዶን የሚቀመጠው እዚያው ቦታ ላይ ነው፣ ግን ቀስ ብሎ ይገባል፣ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። መጠኑ በትክክል ከተስተካከለለት ሰው ላይ ስካር አታይም። ጠጥቶ ሥራውን ሠርቶ ይውላል። በላዩ ላይ ሄሮይን ቢወስድ እንኳ ቦታው ተይዟልና እንደ ድሮው አይሰማውም።

የደም ግፊት ክኒን ዕድሜ ልኩን የሚወስድ ሰው የክኒን ሱሰኛ ነው አትለውም። አዎ፣ ሜታዶን ብታቋርጥበት ያመዋል፣ ይህን አልክድም። ሱስና ጥገኝነት ግን አንድ አይደሉም። ሱስ ማለት ሕይወትህ እየፈረሰ እያየህ መተው ሲያቅትህ ነው።

---

የጉለሌው

ሲስተር፣ ማብራሪያው ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ። ግን ኩንሚንግ ያመጣው ቁጥር ላይ ጥያቄ አለኝ። 69 በመቶ ወደ 9 ወረደ የተባለው ራሳቸውን ጠይቀው ነው? ደግሞ ዓመት የቆዩት ላይ ነው የተለካው? የሄዱትስ?

---

ኩንሚንግ_ነኝ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዎ፣ ብዙው ከራሳቸው አፍ ነው፣ የሚለካውም የቀሩት ላይ ነው። የቻይናው ፕሮግራም ትልቁ ቁስል ደግሞ መቋረጥ ነው። ከሚጀምሩት ብዙዎቹ የመጀመሪያውን ዓመት ሳይጨርሱ ይጠፋሉ። ለምን እንደሚጠፉ ግን ቆየት ብለን እንነጋገር፣ ከሕዝቡ አመለካከት ጋር በቀጥታ ይያያዛል።

---

ታሪክ_ወዳድ

የጤና ሰዎች ስትነጋገሩ አንድ ነገር ታልፋላችሁ። ይህን ሕዝብ ስለ ኦፒየም ዘመድ መድኃኒትነት ለማሳመን የሚሞክር ሰው መጀመሪያ ታሪኩን ይቁጠር።

በ1839 ሊን ዘሹ የተባለ ባለሥልጣን ጓንግጆው አቅራቢያ፣ ሁሜን በሚባል ቦታ፣ በዋናነት ከእንግሊዝ ነጋዴዎች የተወረሰ ከ20 ሺህ ሣጥን በላይ ኦፒየም አጠፋ። ጉድጓድ አስቆፍሮ፣ በጨውና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው። ሥራው ከጁን 3 እስከ 25 ፈጀ። ዓለም አቀፉ የፀረ ዕፅ ቀን ጁን 26 የሆነው በዚህ ምክንያት ነው ይባላል። እንግሊዝ መርከብ ላከች። በ1842 በናንጂንግ ውል ቻይና ሆንግ ኮንግን አጣች። 21 ሚሊዮን ዶላርም (ከብር ማዕድን የተሠራ ገንዘብ) እንድትከፍል ተደረገች። ማንኛውም የቻይና ተማሪ የአገሩን ዘመናዊ ታሪክ መማር የሚጀምረው ከዚህ ነው። ዕፅ ለእነሱ የጤና ጉዳይ ሆኖ አልጀመረም። የጀመረው የአገር ውርደት ሆኖ ነው። የዕፅ ተጠቃሚ ደካማ ሰው ብቻ አይደለም በዓይናቸው። ከዳተኛም ጭምር ነው።

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ ያስቃል፣ ያሳዝናልም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ የኦፒየም ማቋረጫ የሚባሉ ክኒኖች በየገበያው ይሸጡ ነበር። ብዙዎቹ ውስጥ ሞርፊን ነበረባቸው። የውጭ ሚሲዮናውያንም በቅን ልብ ያድሉት ስለነበር ሕዝቡ «የኢየሱስ ኦፒየም» ብሎ ስም አወጣለት። ከዚያ ሄሮይን መጣ። እሱም ሲጀምር መድኃኒት ነበር። ባየር ነው በ1898 ገበያ ላይ ያዋለው። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ሁለት ጊዜ «ይኸው ፈውስ» ተብሎ የባሰ ነገር ከተሰጠው፣ ሦስተኛው ሲመጣ ቅንድቡን ቢያነሳ ይፈረድበታል?

ሦስተኛ፣ ከ1949 በኋላ የመጣው መንግሥት በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ ኦፒየምን ከአገር አጠፋሁ ብሏል። 20 ሚሊዮን ያህል ሱሰኛ ነበረ ይላል። ትልልቆቹ ነጋዴዎች ተረሸኑ፣ እርሻው ተነቀለ፣ ሱሰኛው በቤተሰብና በቀበሌ ጫና እንዲተው ተደረገ። ያለ መድኃኒት። ይህን ሲሰማ ያደገ ሽማግሌ «በኛ ጊዜ ያለ ሜታዶን ቆሟል» ቢልህ ምን ትመልስለታለህ?

---

ኩንሚንግ_ነኝ

ታሪክ_ወዳድ፣ ጥሩ አድርገህ ዘረጋኸው። ሽማግሌው ላይ ግን መልስ አለኝ። ያኔ ድንበሩ ተዘግቶ ነበር፣ ዕፁ ከገበያ ጠፍቶ ነበር። በ1980ዎቹ ድንበሩ ለንግድ ሲከፈት ሄሮይኑ ተመልሶ መጣ። ጫናው ያኔም ነበረ፣ ግን አልበቃም።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፣ ትወደዋለህ። ሊን ዘሹ ራሱ በ1838 ለንጉሠ ነገሥቱ ባቀረበው ጽሑፍ ውስጥ የማቋረጫ እንክብል ቅመማ አካቶ ነበር። ከቅመሞቹ አንዱ የኦፒየም አመድ ነው። ሱሰኛው በእሱ ይጀምርና ኦፒየም በሌለበት በሌላ እንክብል ቀስ በቀስ ይተካዋል። ሐውልት የቆመለት የፀረ ኦፒየም ጀግና እንኳ ሰው በባዶ እጁ እንደማያቆም ያውቅ ነበር። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው ግማሾቹ ዝም አሉ፣ ግማሾቹ «ያ መቀነሻ ነው፣ ዕድሜ ልክ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጠቡም እሱ ላይ ነው።

---

ቡና_ጠጪዋ

እኔ ምንም አላውቅም፣ ግን ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ። ሰውየው ጠዋት ተነሥቶ ምን ያደርጋል? ስንት ይከፍላል? ማን ያየዋል?

---

ኩንሚንግ_ነኝ

ክሊኒኩ አብዛኛውን ጊዜ በሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ወይም ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ነው። ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፣ የጨረቃ አዲስ ዓመትም ቢሆን። ሰውየው ይመጣል፣ ካርዱን ያሳያል፣ በመስኮት በኩል ፈሳሹን በኩባያ ይቀበላል። ነርሷ ፊት ይጠጣል። ከዚያ ውኃ ይጠጣል ወይም ትንሽ ያወራል፣ አፉ ውስጥ ይዞ እንዳይወጣና እንዳይሸጠው። በየጊዜው ሽንቱ ይመረመራል። ዋጋው በቀን ከ10 ዩዋን እንዳይበልጥ ተወስኗል፣ አንዳንድ ቦታ ጭራሽ ነፃ ነው። ወደ ቤት ይዞ መሄድ ለረጅም ጊዜ የማይታሰብ ነበር። ራቅ ላሉ ቦታዎች ዩናን ውስጥ መኪና ላይ የተሠራ ተንቀሳቃሽ ክሊኒክም ተሞክሯል።

እስቲ አስቢው። በየቀኑ፣ ዕድሜ ልክ። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠራ ሴት አለቃዋን ምን ትለዋለች? ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዶ ግንባታ ላይ መሥራት የሚፈልግስ? እዚያ ባለ ክሊኒክ መጠጣት ይቻላል፣ ግን ወረቀት መላላክ አለ። ወረቀት ማለት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሰው ምስጢርሽን አወቀ ማለት ነው።

«ማን ያየዋል» ላልሽው፣ ሁሉም። ጎረቤት ያየዋል፣ በዚያ በር የሚገባ ሰው ለምን እንደሚገባ ይታወቃል። ፖሊስም ያየዋል። ፕሮግራሙን ጤና ጥበቃ፣ የሕዝብ ደኅንነት (ፖሊስ ማለት ነው) እና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው በጋራ ነው የሚመሩት። ፖሊስ ክሊኒክ አካባቢ ሰው ያዘ የሚል ወሬ ከተሰማ በማግስቱ ወረፋው ይሳሳል። የ2008ቱ የፀረ ዕፅ ሕግ ሱስን እንደ ሕመም የሚያይ ቋንቋ አለው፣ ያው ሕግ ግን ሰውየውን ለ2 ዓመት በግዳጅ ማቆያ ማስገባት ይፈቅዳል፣ አንድ ዓመት ሊጨመርበትም ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ይኖራሉ። ጠዋት ታካሚ ነህ፣ ማታ ሽንትህ ላይ ሞርፊን (የሄሮይን ምልክት ነው) ከተገኘ ተጠርጣሪ።

---

ጓንግጆው_ነጋዴ

እኔ የጤና ሰው አይደለሁም። ጓንግጆው ጨርቅና ጫማ እጭናለሁ፣ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። የቻይናን ሰው ግን በደንብ አውቀዋለሁ፣ ስለዚህ ለሕዝቡ ልከራከር።

እናንተ «አልተረዱም» ትላላችሁ። ተረድተዋል። የፀረ ዕፅ ፖሊስ ፊት በቴሌቪዥን ሁልጊዜ ተሸፍኖ ነው የሚታየው፣ ዘመዶቹን እንዳይበቀሏቸው። ሳይሸፈን ካየኸው ሞቷል ማለት ነው ይላሉ። ዌይቦ በሚባለው የቻይና ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ ስለ ዕፅ ተጠቃሚ ይቅርታ የጻፈ ሰው ካለ፣ ሥሩ ሺህ አስተያየት ይመጣል፦ «ለሞተው ፖሊስ እናት ሄደህ ንገራት»። ይህን በምን ትመልሰዋለህ?

የጃኪ ቻንን ልጅ፣ ዘፋኙን፣ ታስታውሳላችሁ? በ2014 ቤጂንግ ውስጥ በማሪዋና ተያዘ። አባቱ የፖሊስ የፀረ ዕፅ አምባሳደር ነበሩ፣ ለሕዝብ ይቅርታ ጠየቁ። ልጁ ስድስት ወር ታሰረ። ቅጣቱ አለቀ፣ ሕዝቡ ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። በዚያው ዓመት ዕፅ የተጠቀመ አርቲስት በቴሌቪዥን እንዳይታይ መመሪያ ወጣ፣ ሕዝቡም አጨበጨበ። የአንድ ሀብታም ዘፋኝ ማሪዋና እንዲህ ከታየ፣ የሰፈሩ ሄሮይን ወጊ እንዴት እንደሚታይ ገምቱ።

ደግሞ የኔን የቤት አከራይ ልንገራችሁ። ደግ ሴት ናት፣ ለኔ ለጥቁሩ ቤት ስታከራይ ጎረቤቶቿ ሁሉ አጉረምርመውባት ነበር። ስለ ሜታዶን ጠየቅኳት። «ይስጧቸው፣ ግን እዚህ ሕንፃ ሥር አይሁን» አለችኝ። ክፋት አይደለም፣ ያላት ሀብት ያ አፓርታማ ብቻ ነው። ክሊኒክ ከተከፈተ ዋጋው ይወርዳል ብላ ትፈራለች።

---

የጉለሌው

ጓንግጆው፣ አንተ ነህ ልቤን ያገኘኸው። ሕዝብን አትናቁ።

---

ሲስተር_ሜሪላንድ

ማንም አልናቀም። ግን ጓንግጆው ወንድሜ፣ ፖሊሱን የገደለው አዘዋዋሪው ነው። ሜታዶን የሚጠጣው ሰው በየቀኑ ለአዘዋዋሪው ሊከፍለው የነበረውን ገንዘብ አስቀርቷል። ለፖሊሱ እናት እኔ የምላት ይህንን ነው።

---

ጓንግጆው_ነጋዴ

ሒሳቡ ትክክል ነው ሲስተር። እናትየዋ ግን ሒሳብ ላይ አይደለችም።

---

ፋርማሲስቱ

ዘግይቼ ገባሁ። ከላይ ኩንሚንግ «ለምን ይጠፋሉ» ብሎ ያቆማት ቦታ ላይ ልግባ። ለኔ የክሩ ዋና ጉዳይ እሷ ናት።

የዓለም ጤና ድርጅት ሜታዶንን በ2005 መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አስገብቶታል። ታካሚውን በሕክምናው ላይ ለማቆየት የሚመከረው መጠን በቀን ከ60 እስከ 120 ሚሊግራም ነው። ቻይና ውስጥ የተሠሩ ጥናቶች ደጋግመው ያገኙት አማካይ ግን ከ60 በታች ነው። ለምን? መድኃኒቱ ስለጠፋ አይደለም። ታካሚው ራሱ «ብዙ አልፈልግም፣ ቶሎ ልላቀቅ» ይላል። ሚስቱ «ዛሬስ ስንት ቀነስክ?» ትለዋለች። እናቱ አጥንቱን ይበላዋል፣ ወንድነቱን ይገድልበታል ብላ ትፈራለች። የከፋው ደግሞ፣ ነርሷም ሐኪሙም ልባቸው ውስጥ መቀነስ ጥሩ፣ መጨመር ውድቀት ነው ብለው ያምናሉ። ሁሉም እንደ ማቋረጫ ነው የሚያዩት። ፕሮግራሙ የተቀረፀው ግን ለማቆየት ነው።

ውጤቱን ተመልከቱ። 40 ሚሊግራም ላይ ያለ ሰው ማታ ያመዋል። ሲያመው ሄሮይን ይወስዳል። ሽንቱ ላይ ይገኝበታል። ጎረቤቱ «አላልኳችሁም? ሜታዶን አይሠራም» ይላል። አሳንሰው የሰጡት ሰዎች፣ በማነሱ ምክንያት የወደቀውን ሰው ማስረጃ አድርገው ያቀርቡታል። ይህ ነገር በጣም ያናድደኛል።

በዚህ ላይ የመድኃኒት መጋጨት አለ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን፣ ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኔቪራፒንና ኢፋቪረንዝ፣ ሜታዶንን ከሰውነት ቶሎ ያስወጡታል። ዩናንን በመሰለ ቦታ ሦስቱም በአንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። ሰውየው ትናንት የበቃው መጠን ዛሬ አይበቃውም። የማያውቅ ባለሙያ «ስካር ፈልጎ ነው የሚያስጨምረው» ብሎ ይፈርድበታል።

ቀንሶ ስላቆመ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልበል። ሰውነቱ መላመዱን ያጣል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ተሰናክሎ የድሮ መጠኑን ከወጋ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ከግዳጅ ማቆያ በወጡ ሰዎች ላይም አደጋው ይኸው ነው። ቤተሰብ «ነፃ ወጣ» ብሎ የሚደሰትበት ጊዜ አደገኛው ጊዜ ነው።

---

ቡና_ጠጪዋ

ፋርማሲስቱ፣ ይህን ሳነብ ለሚስትየዋ አዘንኩ። ክፋት የላትም እኮ።

---

የጉለሌው

ጥያቄ፦ ይህ ነገር ለጫት አይሆንም? ለአይስስ (ለሜታምፌታሚን)?

---

ፋርማሲስቱ

አይሆንም። ሜታዶን ለኦፒየም ቤተሰብ ብቻ ነው። ጫትም አይስም አነቃቂዎች ናቸው፣ የሚሠሩት ሌላ ቦታ ላይ ነው።

---

ኩንሚንግ_ነኝ

የጉለሌው፣ ሳታስበው የፕሮግራሙን የዛሬ ሁኔታ ነካህ። በ2014 መጨረሻ ቻይና ውስጥ የተመዘገቡት ተጠቃሚዎች 2.95 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አይስና ኬታሚንን የመሳሰሉ ሰው ሠራሽ ዕፆች ተጠቃሚዎች ከሄሮይኖቹ ጋር እኩል ሆኑ፣ በጥቂትም በለጡ። ከዚያ ወዲህ ጠቅላላ ቁጥሩም ወረደ። መንግሥት በ2023 መጨረሻ ያሉት ተጠቃሚዎች 896 ሺህ ናቸው ብሏል። ክሊኒኮቹ ጭር ብለዋል፣ አንዳንዶቹ ተዘግተዋል። የቀሩት ታካሚዎች አርጅተዋል። በ1990ዎቹ ወጣት የነበሩ ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ ስኳርና ጉበት ይዟቸዋል። አዲሱ ትውልድ የሚወስደውን ዕፅ ሜታዶን አይነካውም።

ኤችአይቪም ቢሆን መንገዱ ተቀይሯል። በ2005 ከቫይረሱ ጋር ይኖራሉ ተብለው ከተገመቱት 650 ሺህ ሰዎች 44 በመቶ ያህሉ በመርፌ የተያዙ ነበሩ። ዛሬ አዲስ የሚያዘው ከሞላ ጎደል ሁሉም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። ክሊኒኮቹ የተከፈቱበት ምክንያት በከፊል ተሳክቶ አለቀ። እና መጀመሪያ ላይ ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። «ለኛ ሲባል» የተከፈተ ነገር፣ ለኛ ማስፈራቱ ሲቀር ማን ይቆምለታል?

---

የካውሉን_እንግዳ

ሆንግ ኮንግ የኖርኩ ሰው ልጨምር፣ በአጭሩ። እዚያ ሜታዶን የተጀመረው በ1972 ነው፣ ከኤችአይቪ በፊት። በእንግሊዝ ዘመን ማለት ነው። በአንድ የሆንግ ኮንግ ዶላር ትጠጣለህ፣ ክሊኒኮቹ ሰው ከሥራ ሲወጣ ማታም ክፍት ናቸው። ሕዝቡ ይወደዋል ወይ? አይወደውም። ግን ለምዶታል። ሽማግሌዎች ተሰልፈው ጠጥተው ጋዜጣ ገዝተው ይሄዳሉ፣ ማንም ዞር ብሎ አያያቸውም። መልመድ መውደድ አይደለም፣ ለታካሚው ግን ይበቃዋል።

---

ታሪክ_ወዳድ

ኦፒየሙን ያስገባው መንግሥት ሜታዶኑንም አስገባ ማለት ነው። ሜይንላንድ (ዋናው ቻይና) ያለው ሰው ይህን ቢሰማ ይበልጥ ነው የሚጠራጠረው።

---

ቡና_ጠጪዋ

አፍሪካ ውስጥ አለ?

---

ፋርማሲስቱ

አለ። ታንዛኒያ በ2011 ዳሬሰላም ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ጀምራለች፣ ኬንያ በ2014 መጨረሻ ናይሮቢ ማታሪ። ሁለቱም የሄሮይን መተላለፊያ ባሕር ዳርቻ አላቸው። ያ ሌላ ክር ይፈልጋል።

---

ኩንሚንግ_ነኝ

ይህን ክር እንድከፍት ያደረገኝን ነገር ሳልናገር ቀረሁ። ቻይና ውስጥ ዕፅ መጠቀም ብቻውን ወንጀል አይደለም፣ የአስተዳደር ጥፋት ነው። ከ10 እስከ 15 ቀን ያሳስራል። መዝገቡ ግን አይጠፋም። ሰውየው ከዓመታት በኋላ ሆቴል ገብቶ መታወቂያውን ሲያስመዘግብ ሲስተሙ ላይ ይወጣል። ፖሊስ መጥቶ፣ ከሚስቱና ከልጁ ፊት፣ ሽንት ስጥ ይለዋል። ሜታዶን ክሊኒክ መመዝገብ የሚፈሩት ለዚህ ጭምር ነው፣ ስሜ ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ይገባል ብለው።

በ2025 የተሻሻለው የሕዝብ ጸጥታ ቅጣት ሕግ እንዲህ ያሉ የአስተዳደር ጥፋት መዝገቦች እንዲታሸጉ፣ ቀጣሪ እንዲሁ እንዳያያቸው ይላል። ሥራ ላይ የዋለው ከጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ነው። ዕፅም ተካቷል መባሉ በተሰማ ጊዜ፣ በዓመቱ መገባደጃ ላይ፣ የቻይና ኢንተርኔት ነደደ። «የየትኛው ባለሥልጣን ልጅ ነው የተያዘው?» ተባለ። በፀረ ዕፅ ሥራ የሞቱት ፖሊሶች ፎቶ እንደገና ተለጠፈ። የሕግ ምሁራን ወጥተው መዝገብ ማሸግ ማለት መሰረዝ እንዳልሆነ፣ ፖሊስ አሁንም እንደሚያየው ቢያስረዱም ሰሚ አላገኙም።

---

ጓንግጆው_ነጋዴ

ያ ሰሞን የኔ የዊቻት ቡድን ውስጥ የጫማ ሻጮቹ ሁሉ ስለዚህ ነበር የሚያወሩት። የባለሥልጣን ልጅ የሚለውን ቀለል አድርገህ አለፍከው። ለብዙዎቹ ዋናው ቁጣ እሱ ነበር። ድሃው ሱሰኛ ትዝ ያላቸው አይመስለኝም።

---

ኩንሚንግ_ነኝ

ይህማ ነው የሚያሳዝነው። መዝገቡ እጅና እግሩን ያሰረው ሩይሊ ያለውን ጎሚስታ ነው። የባለሥልጣን ልጅ ከሆነ ድሮም ሌላ በር አለው።

---

የጉለሌው

መድኃኒቱ ገብቶኛል፣ በተለይ ፋርማሲስቱ የመጠኑን ነገር ሲያስረዳ። ግን አልዋሽም፣ ክሊኒኩ እናቴ ቤት ጎን ይከፈት ብትሉኝ እንደዚያች አከራይ ነው የምመልሰው።

---

ሲስተር_ሜሪላንድ

የኛም ክሊኒክ ጎረቤቶች እንዲሁ ነው ያሉት። አሁንም ይላሉ። ከኮቪድ ወዲህ ግን አሜሪካ የተረጋጋ ታካሚ እስከ 28 ቀን የሚሆነውን ወደ ቤቱ እንዲወስድ ፈቅዳለች፣ በ2024 ደንቡ ቋሚ ሆነ። በራችን ላይ የሚቆመው ሰው ቀነሰ፣ የጎረቤት ስልክም አብሮ ቀነሰ። ኩንሚንግ፣ እዚያ ያሉትን ሽማግሌ ታካሚዎች ይዞ መሄድ ይፈቀድላቸው እንደሆነ ክሊኒኩን ጠይቅልኝ። ያን ዕድሜ ይዘው፣ በጉበት ሕመም፣ በየቀኑ አውቶቡስ ላይ መውጣታቸው አልገባኝም።

---

ኩንሚንግ_ነኝ

እጠይቃለሁ ሲስተር። መልስ ካገኘሁ እዚሁ እለጥፋለሁ።